አቶ ዘመድኩን ያልታዩበት ሳምንት

አቶ ዘመድኩን በላቸው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ከሚኖሩበት ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ በሊፍት ይወርዳሉ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ከረባት፤ በቀኝ እጃቸው ጥቁር የቆዳ ቦርሳ። ሰው ከሥራ መመለስ ሲጀምር እሳቸው መሄዳቸው የገረመው ጎረቤት ቢጠይቃቸው መልሱ ዝግጁ ነው።

"የእኛ ሥራ የሚጀመረው ሌላው ቢሮ ሲዘጋ ነው።"

ይህ ውሸት አይደለም። አቶ ዘመድኩን ዋሽተው አያውቁም፤ እውነቱን ግን ባለ ጉዳዩ እስኪሰለች ድረስ ማቆየት ያውቁበታል። አዲስ አበባ አሥራ ስምንት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሙያው ይኸው ነው።

ቦርሳው ውስጥ አንድ ሰማያዊ ቱታ፣ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጓንት፣ የጎማ ጫማና አንድ ፔርሙዝ ሻይ አለ። ብሉር ጎዳና ላይ ካለ አንድ ባለ አሥራ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ገብተው፣ ላይኛው ፎቅ ወጥተው፣ ልብስ ቀይረው፣ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ወለል ይጠርጋሉ፤ የቆሻሻ ቅርጫት ይገለብጣሉ። ከዚያ ከረባታቸውን መልሰው አስረው ይወርዳሉ።

አባታቸው ግራዝማች በላቸው "ከብዕር የከበደ ነገር የያዘ እጅ ፊርማው አያምርም" ይሉ ነበር። አቶ ዘመድኩን ይህን ቃል አክብረው አርባ ስድስት ዓመት ኖረዋል። መሥሪያ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ደወል ነበረች፤ አንድ ጊዜ ስትመታ ተላላኪ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ስትመታ ሻይ ይመጣል። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላቸውን የሚይዝላቸው ሌላ ሰው ነበር። ቶሮንቶ በገቡ በመጀመሪያው ወር ያስቸገራቸው ብርዱ ሳይሆን ጃንጥላውን በየትኛው እጅ እንደሚይዙት አለማወቃቸው ነው።

አዲስ አበባ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር የቀረችው ባለቤታቸው ተናኜ በደብዳቤ "ሥራህ እንዴት ነው? ከሥርህ ስንት ሰው አለ?" ብላ ጠይቃቸው ነበር። አቶ ዘመድኩን ረጅም ጊዜ አሰቡና "ከእኔ በታች አሥራ ሰባት ፎቅ ሙሉ ሰው አለ" ብለው መለሱ። ይህም ውሸት አይደለም።

ነገሩ በዚህ እንዳይቀጥል ያደረጉት ሁለት ወረቀቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ከመጽሐፍ የመጣ ነው። አቶ ዘመድኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት እንግሊዝኛ ይማራሉ። የሚያስተምሯቸው ሚስስ ፔንሮዝ የሚባሉ ጡረተኛ ሴት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አደሉና፣ አንብቦ በክፍሉ ፊት አሥር ደቂቃ እንዲናገር አዘዙ። ከጎናቸው ለሚቀመጠው ቬትናማዊ ስለ ካናዳ ዝይ ደረሰው። ለአቶ ዘመድኩን ደግሞ በጥንቷ አሜሪካ ሰው ስለ ሥራና ስለ ኑሮ መሻሻል ያለው አስተሳሰብ እንዴት እንደተለወጠ የሚተርክ መጽሐፍ ደረሳቸው። ዝይው አስቀናቸው።

ቤታቸው ወስደው በመዝገበ ቃላት እየታገዙ አነበቡት። መጀመሪያ ከእንግሊዝ ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የጨዋ ልጆች ነበሩ ይላል። ሰይፍ ይዘዋል፣ መቆፈሪያ ግን ለመንካት ያፍራሉ። አብረዋቸው ወርቅ አንጥረኛና ሽቶ ቀማሚ መጥቷል፤ ገበሬ ግን እምብዛም አልመጣም። አቶ ዘመድኩን እዚህ ድረስ ምንም ስህተት አላገኙም። ከዚያ ግን ሰዎቹ ተራቡ፤ አለቃቸውም "ያልሠራ አይብላ" የሚል ትእዛዝ አወጣ።

"ይሄማ ደርግ ነው" አሉና መጽሐፉን ዘጉት።

ቃሉ የጳውሎስ መሆኑን ያውቃሉ። ጳውሎስ ግን ለሮሜ ሰዎች፣ ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ ለተሰሎንቄ ሰዎች ጻፈ እንጂ ለመዝገብ ቤት ኃላፊዎች የላከው መልእክት የለም።

በሁለተኛው ምዕራፍ የባሰ መጣ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ የሻማ ሠሪ ልጅ የሆነ አታሚ ነበረ። የራሱ ማተሚያ ቤት አለው። የሚያትምበትን ወረቀት ገዝቶ በባለ አንድ ጎማ ጋሪ እየገፋ በዋናው መንገድ ይሄዳል። ለምን? ሰው እንዲያየው! ሲለፋ አይቶ እንዲያምነው!

ይህን ሦስት ጊዜ አነበቡ። "ረዳት አጥቶ ነው? ዘመድ የለውም?" ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። በመጨረሻ እርሳሳቸውን አወጡና፣ በመሥሪያ ቤት ልማዳቸው፣ ከገጹ ዳር "ይጣራ" ብለው ጻፉበት።

ሁለተኛው ወረቀት ከኢሚግሬሽን የመጣ ነው። ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ለማምጣት ቋሚና የሙሉ ጊዜ ሥራ እንዳላቸው የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። የአቶ ዘመድኩን ሥራ በቀን አራት ሰዓት ነው።

ደብዳቤውን ይዘው የጽዳቱ አለቃ ወደሆነው ወደ ሚስተር ፌሬራ ሄዱ። ፌሬራ ከፖርቱጋል ደሴቶች የመጣ አጭር፣ ወፍራም ሰው ነው። ቢሮው የምድር ቤት ማሞቂያ ክፍል አጠገብ ናት። ግድግዳው ላይ፣ ሌላ ሰው ቤት ጋሻና ጦር በሚሰቀልበት ቦታ፣ ፀጉሯ ያለቀ አንዲት አሮጌ መወልወያ ተሰቅላለች።

ፌሬራ መጀመሪያ ከመሳቢያው ሳንድዊች አውጥቶ አቀረበላቸው። በዚያ ዓመት ቴሌቪዥኑ ስለ አገራችን ረሀብ ከሚያሳየው የተነሳ ኢትዮጵያዊ ነኝ ላለ ሰው ሁሉ ቶሮንቶ ሳንድዊች ትዘረጋ ነበር። አቶ ዘመድኩን ቦርጫቸው ከጠረጴዛው ጋር እየተነካካ "ጠግቤአለሁ" አሉ። ፌሬራ አላመናቸውም፤ ኪሳቸው ከተተው።

"ደብዳቤው ቀላል ነው" አለ። "የቀን ሰውዬ ፈልጌአለሁ። ከሁለት ሰዓት እስከ አሥር፣ ሙሉ ጊዜ፣ ቋሚ። የመግቢያው አዳራሽ፣ የኋላ ደረጃውና የፊት በሩ የአንተ ነው። ሰኞ ትጀምራለህ። ሳምንቱ ያለ ስሞታ ካለፈ አርብ እፈርምልሃለሁ።"

"አዳራሹ?" አሉ አቶ ዘመድኩን። አዳራሹ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፤ ከብሉር ጎዳና የሚያልፈው ሁሉ ያየዋል። በዚያ ላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለስደተኞች ፎርም የሚያስሞላ ቢሮ አለ። በቶሮንቶ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን በዚያ በር ይገባል።

"ደረትህ ላይ ስምህ ይጻፋል" አለ ፌሬራ በኩራት። "ያችን አየሃት?" ወደ ግድግዳው ጠቆመ። "ቤቴን የሠራችልኝ እሷ ናት። ሁለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች። እዚህ አገር ሰው የሚያድገው ሲታይ ነው። አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተደብቆ ያደገ የለም።"

አቶ ዘመድኩን እስከ ሰኞ ላስብበት ብለው ወጡ። በሕንፃው ሥር ካለው መኪና ማቆሚያ ሲደርሱ ኑረዲን ከጥበቃ ዳሱ ውስጥ ጠራቸው። ኑረዲን መርካቶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የነጋዴ ልጅ ነው፤ አንዲት ማሞቂያና አንዲት ሬዲዮ ይዞ ፓርኪንግ ይጠብቃል።

"ጋሼ ዘመድኩን፣ ይግቡ እንጂ! ብርድ ነው።"

ገቡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አንድ ወዳጄ ምክር ጠይቆኝ ነበር" አሉ።

"ምን ሆነ ወዳጅዎ?"

"ትልቅ ሰው ነው። ዕድገት ሰጡት። ዕድገቱ ግን ወደ ታች ነው።"

"ስንት ፎቅ?"

"አሥራ ሰባት።"

ኑረዲን ሳቁን በጉንጩ ያዘ። "ታዲያ ምን አስፈራው?"

"ሰው ያየዋላ።"

"ጋሼ፣ አባቴ ሱቅ የከፈተው ከሊስትሮ ተነስቶ ነው። ሣጥኗን እስከ ዛሬ ከጨርቁ መደርደሪያ በላይ አስቀምጧታል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ነው የሚያሳየው። 'ከዚች ተነስቼ ነው' ይላል።"

"የእኔ አባት ደግሞ ግራዝማች ነበሩ" አሉ አቶ ዘመድኩን ቆጣ ብለው። ቀጥለው "ማለቴ የወዳጄ አባት" አሉ።

"ግራዝማቹ ቶሮንቶ ቢመጡ ምን ይሠሩ ነበር?"

አቶ ዘመድኩን ከልባቸው አሰቡበት።

"ይከሱ ነበር" አሉ።

"ማንን?"

"መጀመሪያ ያገኙትን።"

ኑረዲን ሬዲዮውን ቀነሰ። "ለወዳጅዎ እንዲህ ይበሉልኝ" አለ። "ይውረድ። የሚያየው ሰው ጉዳይ አያሳስበው፤ እሱን ለእኔ ይተወው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አቶ ዘመድኩን አልጠየቁም። የተናኜን ደብዳቤ እያሰቡ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አዳራሹ ገቡ። ቱታው አዲስ ነው፤ ደረቱ ላይ ስማቸው በቀይ ክር ተጠልፏል። የመጀመሪያዋን ሰዓት ከአንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዛፍ ኋላ ቆመው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሲወለውሉ አሳለፉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ብሉር ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ቦጋለች ከመስታወቱ ውጭ ብቅ አሉ። ወይዘሮዋ በሩ እጀታ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ ድንገት አንድ ነገር የረሱ ይመስል ግንባራቸውን መትተው ተመለሱ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪና ሰሃን አጣቢ የሆነው ደረጄ መጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ሰማይ ሰማይ እያየ ቀጥ ብሎ አለፈ። ከዚያ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት አንድም ሐበሻ አልመጣ። ማክሰኞም አልመጣ። ረቡዕም አልመጣ።

"ገብርኤል ጋረደኝ" አሉ አቶ ዘመድኩን። ከዛፉ ኋላ ወጡ፤ የወለል መወልወያ ማሽኑን ይዘው የአዳራሹን መሐል መወልወል ጀመሩ። ማንም አላያቸውም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንደውም ትንሽ አንጎራጎሩ።

ያስቸገራቸው የኋላ ደረጃው ብቻ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው፤ ጎዳናው በረዶ፣ ጨውና ጭቃ ተቦክቶበታል። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ ዓመቱን ሙሉ ሰው የማይረግጠው ነው ተብሎ የተሰጣቸው ነበር። እሳቸው ግን በቀን አራት ጊዜ ወልውለውት አራቴም ይቆሽሻል። የደረጃውን በር ደግሞ የማያውቁት ሰው በጡብ ደግፎ ክፍት ያደርገዋል። ጡቡን ያነሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጡብ ያገኛሉ። "የማን ያልተቀጣ ልጅ ነው!" እያሉ ይወለውላሉ።

ረቡዕ ሥራ ሲያበቃ ፌሬራ ምድር ቤት አስጠራቸው። ፊቱ ቀልቷል።

"ሦስት ስሞታ!" አለ። "ሁለተኛ ፎቅ፣ ነፋስ ገባብን አለ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ ክፍት ያድራል፣ ሌባ ይገባል አለ። ጥበቃው፣ ደረጃው ጭቃ ነው አለ። አዳራሹ እንደ መስታወት ያበራል፤ እሱን አልክድህም። ነገር ግን ነገም እንዲህ ከሆነ አርብ ደብዳቤ የለም። ወደ አሥራ ስምንተኛ ፎቅህ ትመለሳለህ።"

በዚያች ሌሊት አቶ ዘመድኩን ወደ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ መመለስ እንዴት እንደሚያስፈራ ገባቸው። ከሳምንት በፊት ግን የሚያስፈራቸው መውረዱ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹን ትተው የኋላ ደረጃው በር ኋላ መወልወያቸውን እንደ ጦር ይዘው አደፈጡ። ብዙ አልቆዩም። ከታች የሰው ትንፋሽ ተሰማ፤ ጫማ ከጭቃ ጋር ሲንቧቸር፣ እጅ መደገፊያውን ሲጎትት፣ "እርፍ... ጌታዬ... እርፍ..." ሲባል። አቶ ዘመድኩን ዘለው ወጡ።

"ወይዘሮ ቦጋለች!"

ወይዘሮ ቦጋለች ደረጃው መሐል ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አላየሁም" አሉ። "ምንም አላየሁም። እርስዎም አላዩኝም።"

"ኧረ ይግለጡት! ይወድቃሉ!"

"ብወድቅ ይሻላል።"

"ጉልበትዎን እያመመዎት ለምን በዚህ ይወጣሉ? በፊት በር ሊፍት አለ እኮ!"

"በፊት በርማ እርስዎ አሉ።"

አቶ ዘመድኩን መወልወያውን ግድግዳ አስደገፉ። "በሩን በጡብ የሚደግፈው ማን ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"ኑረዲን ነዋ፤ ይባረክና። ታች ቆሞ 'በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል፣ ጋሼ እንዳያፍሩ' እያለ ሰዉን ያሳልፋል።"

"ማን... ማን ነገራችሁ?"

"የምን መንገር? ቦርሳዎ ነዋ!" ወይዘሮ ቦጋለች ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ተቆጡ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ ሲገቡ በረኪና በረኪና ይሸታል። ወጥ ቤቱን ማን አጠበው ብዬ ስንት ጊዜ ያለ ጥፋቷ ልጅቱን ተቆጥቻለሁ። በረኪና የሚሸት ሚኒስትር የት አለ?"

"ሁሉም ያውቃል?"

"ሁሉም አያውቅም" አሉ ወይዘሮ ቦጋለች ሊያጽናኗቸው። "ሕፃናቱ አያውቁም።"

አቶ ዘመድኩን እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

"ታዲያ ሁለት ዓመት ከረባት ያሰርኩት ለማን ነው?"

"ለእኛ ነዋ! ሁላችን ሰሃን እናጥባለን፣ መኪና እንጠብቃለን። እርስዎ ግን ያንን ቦርሳ ይዘው በመስኮቴ ሲያልፉ 'ይኸው፣ ከእኛም ቢሮ የሚገባ አለ' እንባባላለን። ውሸት መሆኑን እያወቅን ደስ ይለናል። አሁን ቱታ ለብሰው መስታወት ውስጥ ሲቆሙብን በየት በኩል እንለፍ?"

ስለ ጡቡ፣ ስለ ስሞታው፣ አርብ መፈረም ስላለበት ደብዳቤ አቶ ዘመድኩን በቅደም ተከተል፣ እንደ ፋይል፣ አንድ በአንድ አስረዱ። "እናንተ እኔን ስታከብሩ ተናኜ አዲስ አበባ መቅረቷ ነው" ብለው ጨረሱ።

ወይዘሮ ቦጋለች ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምነው እስከ ዛሬ ሳይናገሩ?"

"ለማን ልናገር? ማንም እኮ አላየኝም።"

"እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ 'ባያፍሩ ነው እንዴ ዛፍ ኋላ የሚቆሙት' ይሉኛል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሰው ሲያዙ ኖረው የለም እንዴ? ይዘዙዋ!"

የምሳ ሰዓት ሲደርስ አቶ ዘመድኩን ቱታቸውን አላወለቁም። ስለ ሻማ ሠሪው ልጅ አሰቡ። ባለ አንድ ጎማ ጋሪ የላቸውም፤ ያላቸው ባለ አራት ጎማ ቢጫ ባልዲ ነው። እጀታውን ይዘው በፊት በር ወጡና በብሉር ጎዳና የእግረኛ መንገድ መሐል ለመሐል ገፉት። አንደኛው ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል። አቶ ዘመድኩን ዓለም ሁሉ የሚያያቸው መስሏቸው ነበር። አንድም ሰው ዞር አላለም። አንዲት ሴትዮ ብቻ "ይቅርታ" ብላ ባልዲውን ዞራ አለፈች። በዚያ መንገድ ባልዲ የሚገፋ ሰው የሚገርመው ሐበሻ ብቻ ነበር፤ ሐበሻውም በሙሉ ወይዘሮ ቦጋለች ቤት ምሳ ላይ ነው።

ሲገቡ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ሲጥ የሚለውን ድምፅ ተከትሎ ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘረጋ፤ ጋዜጣው ተገልብጧል። አንዱ የወደቀበትን ማንኪያ ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገባና ሳይወጣ ቀረ። ደረጄ ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ፤ ሰሃኑ ባዶ ነበር። ኑረዲን የምሳ ዕረፍቱ ነበርና በጓዳው በር ሊወጣ ሲል ወይዘሮ ቦጋለች በሩን በጀርባቸው ዘጉት።

"ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ!" አሉ አቶ ዘመድኩን።

ያች ድምፅ ከአዲስ አበባ ከወጡ ጀምሮ አልተሰማችም ነበር። ጠረጴዛው ሥር ያለው ሰው እንኳ ቀጥ ብሎ ለመቆም ሞክሮ ራሱን ተመታ። አቶ ዘመድኩን ከደረት ኪሳቸው በጥሩ እጅ ጽሕፈት፣ በካርቦን በሦስት ቅጂ የተጻፈ ወረቀት አወጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ።

"ቁጥር ዘ/በ/01/78። ቀን፣ መጋቢት 1978 ዓ.ም.። ጉዳዩ፦ በፊት ለፊት በር መግባትን ይመለከታል። አንዳንድ ወገኖች በቅን ልቦና ተነሳስተው የኋላ ደረጃ በመጠቀም ላይ መሆናቸው ተደርሶበታል። ይህም አሠራር በሥራ ላይ ከፍተኛ ጭቃ እያስከተለ ይገኛል። ስለዚህ ከነገ አርብ ጠዋት ጀምሮ ማንኛውም ወገን በፊት በር እየገባ፣ ጫማውን ምንጣፉ ላይ እየጠረገ፣ ለወለል ሠራተኛው እንደ አገሩ ደንብ ሰላምታ እየሰጠ እንዲያልፍ በጥብቅ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር፣ ዘመድኩን በላቸው፣ የወለል ኃላፊ። ግልባጭ፦ ለአቶ ኑረዲን፣ መኪና ማቆሚያ፤ ጡቦቹን እንዲያነሱ።"

ከዚያ ኑረዲን እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ ወዳጅዎ መውረዱን ተቀበለ ማለት ነው?"

"ወዳጄ ታች ነው" አሉ አቶ ዘመድኩን። ወረቀቱን ከምግብ ዝርዝሩ አጠገብ ለጠፉት፤ ባልዲያቸውን ገፍተው ወጡ።

አርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል መጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ ቦጋለች ናቸው። ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ሰባት ጊዜ ጠረጉ፤ "እንደምን አደሩ አቶ ዘመድኩን!" ብለው አዳራሹ እስኪያስተጋባ ሰላምታ ሰጡ። ደረጄ ተከተለ። ከዚያ ጉዳይ ያለውም የሌለውም መጣ። ሁለተኛው ፎቅ ሄዶ የማያውቅ ሰው ሁሉ መጣ። ሁሉም ጎንበስ ይላል፤ ሁሉም ትከሻ ይገጥማል፤ ሁሉም ስለ ጤና፣ ስለ ወይዘሮ ተናኜ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቃል። አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ የሠርግ ቤት መሰለ።

ችግሩ ሌላ ሆነ። ደንብ አይፈቅድም። ታላቅ ሰው መወልወያ ይዞ ታናሹ እጁን አጣጥፎ ሊቆም ነው?

"ኧረ ነውር ነው ጋሼ፣ ወዲህ ይበሉ!" አለ ደረጄ፤ መወልወያውን ከእጃቸው ነጠቀ።

"ሥራዬ ነው እኮ፣ ተወኝ!"

"እኔ እያለሁ? በጌታ!"

ሌላው ባልዲውን ያዘ። ሌላው መስታወቱን በራሱ መሐረብ ተያያዘው። ወይዘሮ ቦጋለች ማሽኑን የሚገፋውን ልጅ "ጥጉን! ጥጉን አልነካኸውም!" እያሉ ይቆጣሉ። አቶ ዘመድኩን የሚሠሩት ቢያጡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መሐል ቆሙ፤ ልማድ ነውና ሳይታወቃቸው በአገጫቸው እየጠቆሙ ማዘዝ ጀመሩ።

ፌሬራ ከምድር ቤት የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሊፍቱ ደጃፍ ላይ አፉን ከፍቶ ቆመ። አሥራ ሁለት ሰው ወለል ይወለውላል፤ አንድ ሰው ቆሞ ያያል፤ ስሙ ደረቱ ላይ የተጻፈውም የቆመው ነው።

"ዘመድኩን! ይሄ ምንድን ነው?"

"ጎረቤቶቼ ናቸው" አሉ አቶ ዘመድኩን አፍረው። "ታላቅ ሰው ሲሠራ ቆመው ማየት አይችሉም።"

"እኔ የምከፍለው ለአንድ ሰው ነው! ለመንደርህ አይደለም!"

"እነሱም አልጠየቁም።"

ፌሬራ ወደ ኋላ ደረጃው ሄደ። ደረጃው ደርቋል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ጡብ የለም። ተመለሰ። አዳራሹ እንደዚያ ሲያበራ አይቶት አያውቅም። ደረጄን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከኪሱ ሳንድዊች አውጥቶ ሰጠው።

"አስወጣቸው" አለ። "ከዚያ ታች ና። ብዕር አለህ?"

"ብዕርማ አለኝ" አሉ አቶ ዘመድኩን።

ቅዳሜ ጠዋት ቬትናማዊው ስለ ካናዳ ዝይ አሥር ደቂቃ ተናገረ። ዝይ እንደዚያ የሚዋጋ ወፍ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። ቀጥሎ አቶ ዘመድኩን ተነሡ። ግራጫውን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ቦርሳውን ግን ቤት ትተውታል። የተፈረመበት ደብዳቤ ቅጂ በደረት ኪሳቸው ነው፤ ዋናው ትናንት በፖስታ ሄዷል። ስለ ጨዋ ልጆቹ ተናገሩ፣ ስለ ረሀቡ ተናገሩ፣ ስለ አታሚውና ስለ ጋሪው ተናገሩ። ስምንት ደቂቃ ሲሆን አለቀባቸው።

ሚስስ ፔንሮዝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ሚስተር ዘመድኩን፣ የራስዎ አስተያየት ምንድን ነው? ሰውዬው ጋሪውን በአደባባይ መግፋቱ ትክክል ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"መግፋቱ ትክክል ነበር" አሉ አቶ ዘመድኩን። "እኔም ሞክሬዋለሁ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም።"

"ምን?"

"ያን ሁሉ መንገድ ሲገፋ አንድ ሰው እንኳ 'ወዲህ በለው' ብሎ አልተቀበለውም? መጽሐፉ ምንም አይልም። ጎረቤት አልነበረውም ማለት ነው።"

ሚስስ ፔንሮዝ ይህ በመጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ አምነው ከአሥር ስምንት ሰጧቸው። አቶ ዘመድኩን ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ መጽሐፉን ከመመለሳቸው በፊት ገጹን ገለጡ፤ "ይጣራ" ያሉትን በላጲስ አጥፍተው በምትኩ "ተጣርቷል" ብለው ጻፉና ፈረሙበት። ፊርማቸው እንደ ድሮው ያማረ ነበር።